ሽቦ ከመንካትሽ በፊት መለካት ልመጂ

ጥያቄ፦

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ ዕድሜዬ 19 ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስጄ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። በከተማችን ባለ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ለመሠልጠን ተመዝግቤያለሁ። ሥልጠናው እስኪጀመር ሁለት ወር ገደማ ይቀረኛል። በምዝገባው ዕለት «እስከዚያው ራሳችሁን አዘጋጁ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ከልሱ» ተብለናል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልተነገረንም። አጎቴ ፒንሳና ካቻቢቴ ገዝቶልኝ ከሚያውቀው ኤሌክትሪሺያን ጋር ሥራ ሊያስጀምረኝ ይፈልጋል። እናቴ ደግሞ ኮረንቲ በጣም ትፈራለች፤ ኮሌጅ እስክገባ ምንም ነገር እንዳልነካ አስጠንቅቃኛለች። ጓደኞቼ «የወደቀ የሚገባበት ቦታ» ይሉታል፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ያሸማቅቀኛል። ሁለቱን ወራት በምን ላሳልፋቸው? ምን ላጥና? ምን ልግዛ? ሴት መሆኔስ በዚህ ሙያ ያስቸግረኝ ይሆን?

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

አጎትሽም እናትሽም እውነት አላቸው። አጎትሽ ሙያ በእጅ እንጂ በወሬ እንደማይገባ ያውቃሉ፤ እናትሽ ደግሞ ኮረንቲ ምሕረት እንደሌለው ያውቃሉ። ሁለቱንም የሚያስማማ ሥራ አለ፤ እሱም መለካት ነው። ኃይል ያለበት አንድም ሽቦ ሳትነኪ መለካት፣ ማስላትና የለካሽውን በንጽሕና መጻፍ ከለመድሽ ከብዙዎቹ ሠልጣኞች ቀድመሽ ትገቢያለሽ።

ይህን የምልሽ አሠልጣኝ ሆኜ በየጊዜው ከማየው ተነሥቼ ነው። አዲስ ሠልጣኞች ሲመጡ ብዙዎቹ የኦምን ሕግ በቃላቸው ይወጡታል። ሜትር በእጃቸው ሰጥቼ «የዚህን ግድግዳ ርዝመት በሚሊ ሜትር ጻፉ» ስላቸው ግን አንዱ 3.4፣ ሌላው 34፣ ሦስተኛው 340 ብሎ ያመጣል። ግድግዳው 3,400 ሚሊ ሜትር ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ይህ የአንድ ነጥብ ጉዳይ ነው። በሥራ ላይ ግን ቱቦው ያጥራል፣ ሶኬቱ ከበር ጀርባ ይውላል፣ የደንበኛውም ገንዘብ ያለአግባብ ይወጣል።

ስለሚያሸማቅቅሽ ነገር

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ይህን እንጨርሰው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ሰባት ያህሉ «ወደቀ» ከተባለ፣ ያ ቃል ስለ አንዷ ልጅ ችሎታ የሚናገረው ነገር የለውም።

ታሪኩንም ብታዪው የሙያ ትምህርት የዩኒቨርሲቲ ተረፈ ምርት ሆኖ አልተጀመረም። አዲስ አበባ የሚገኘው ተግባረ ዕድ የተመሠረተው በ1934 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው ኮሌጅ የተከፈተው ደግሞ በ1943 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ከመክፈቷ በፊት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፍታ ነበር፤ መብራት የሚዘረጋ፣ ሞተር የሚጠግን፣ ብረት የሚያበጅ ሰው ስላስፈለጋት ነው። ዛሬም ያስፈልጋታል። ስለዚህ ጓደኞችሽ ያሉትን ተዪው፤ በቀረሽ ጊዜ እጅሽንና ዓይንሽን አሠልጥኚ።

የመጀመሪያው ሥራ፦ የቤታችሁን ዕቃ መመዝገብ

አንድ ባለ ካሬ ደብተር ግዢ። በቤታችሁ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ዕቃ ሁሉ ተራ በተራ መዝግቢ፤ ስሙን፣ የሚገኝበትን ክፍል፣ ከጀርባው ወይም ከሥሩ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ያለውን ቮልትና ዋት። ጽሑፉን የምታነቢው ዕቃውን ከሶኬት ነቅለሽ፣ የሚሞቅ ከሆነም እስኪበርድ ጠብቀሽ ነው። ምንም ነገር አትፈቺም፤ ክዳን አትከፍቺም።

በአገራችን ቤቶች የሚገባው ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት ለ220 ብታካፍዪ ዕቃው የሚስበውን አምፔር በግምት ታገኛለሽ። 9 ዋት አምፖል 0.04 አምፔር ይስባል። 1,200 ዋት ካውያ 5.5 አምፔር፣ 2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ 9.1 አምፔር፣ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ 15.9 አምፔር ይስባሉ።

አሁን እሑድ ጠዋትን አስቢ። እንጀራ እየተጋገረ፣ ወጥ እየተሠራ፣ አንዱ ደግሞ ሸሚዝ ይተኩሳል። ሦስቱ ተደምረው 6,700 ዋት፣ ማለትም 30.5 አምፔር ይሆናሉ። ሦስቱም በአንድ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሥር ካሉ ብሬከሩ ይወድቃል፤ መውደቁም ተገቢ ነው። በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ብሬከሩን አውጥቶ 32 አምፔር መግጠም ነው። ያኔ ብሬከሩ አይወድቅም፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው «ባለ 2.5» የሚባለው ገመድ ግን ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ይግላል። ላስቲኩ እየደረቀ እየተሰነጠቀ ይሄድና አንድ ቀን እሳት ይነሣል። ብሬከር የሚመረጠው ገመዱን እንዲጠብቅ ነው። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ብታነቢው ትረሺዋለሽ፤ በገዛ ቤታችሁ ቁጥር ከደረስሽበት ግን ዕድሜ ልክ አይጠፋሽም።

ከዚሁ መዝገብ ሌላ ትምህርት ውሰጂ። የትንሿ አምፖል 0.04 አምፔር 40 ሚሊ አምፔር ነው። ሰውን ከኮረንቲ ለመጠበቅ የሚገጠመው መቁረጫ ደግሞ በአብዛኛው 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ እንዲቆርጥ የተሠራ ነው። ከዚያ በላይ በሰው አካል ውስጥ ከቆየ ልብን ሊያቆም ይችላልና። እንግዲህ አንዲት አምፖል የምታበራበት ኮረንቲ ሰው ለመግደል ይበቃል ማለት ነው። የእናትሽ ፍርሃት መሠረት አለው። ፍርሃቱን ወደ ጥንቃቄ መለወጥ የአንቺ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ሥራ፦ ቆጣሪ ማንበብ

እዚሁ አገር ከሚሠሩት ምጣዶች ብዙዎቹ ዋታቸው አልተጻፈባቸውም። እንዲህ ያለውን ምጣድ በቆጣሪ መለካት ይቻላል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ቤተሰቡን አስፈቅደሽ ፍሪጁንም ጨምሮ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ለግማሽ ሰዓት አጥፊ። ምጣዱ እየሠራ የቆጣሪውን ቁጥርና ሰዓቱን ጻፊ። ልክ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና አንብቢ። ልዩነቱ ለምሳሌ 1.75 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሆነ ለግማሽ ሰዓት፣ ማለትም ለ0.5 አካፍዪው፤ 3.5 ኪሎ ዋት ይመጣል። ይህ 3,500 ዋት ነው።

መለኪያውን በሌላ ቀን ድገሚው። ሁለቱ ውጤቶች በጣም ከተራራቁ የሆነ ዕቃ ሳይጠፋ ቀርቷል፣ ወይም ሰዓቱ በትክክል አልተያዘም፣ ወይም በዚያ ቀን የሚመጣው ኃይል ደክሞ ነበር። ምክንያቱን ፈልገሽ ከቁጥሩ አጠገብ ጻፊው። አንድ ጊዜ ለክቶ የማያምን፣ ያገኘውን ሳያሳምር እንዳለ የሚጽፍ ሰው ጥሩ ባለሙያ ይወጣዋል።

ሦስተኛው ሥራ፦ የክፍል ንድፍ

ባለ 5 ሜትር መለኪያ ይኑርሽ። የምትተኚበትን ክፍል ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ለክተሽ በሚሊ ሜትር ጻፊ። ከዚያ በ1 ለ50 መጠን ንደፊው። በዚህ መጠን 4 ሜትር ግድግዳ በወረቀት ላይ 8 ሴንቲ ሜትር፣ 3.5 ሜትር ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሩንና መስኮቱን አስገቢ፤ በሩ ወደየት እንደሚከፈት አሳዪ። ማብሪያ ማጥፊያው፣ ሶኬቱና አምፖሉ ያሉበትን ቦታ ከወለልና ከማእዘን ለክተሽ ምልክት አድርጊ።

ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ለራስሽ አቅርቢ፤ ከማብሪያ ማጥፊያው እስከ አምፖሉ ገመድ ለመዘርጋት ስንት ሜትር ይፈልጋል? ወደ ላይ የሚወጣውን፣ በኮርኒሱ የሚሄደውን፣ በየጫፉ ለማሰር የሚተርፈውን ሁሉ ደምሪ። ደንበኛ «ዕቃው ስንት ይፈጃል?» ብሎ ሲጠይቅ የምትሰጪው መልስ ከዚህ ስሌት የሚወጣ ነው።

ሒሳብና ፊዚክሱ

«ከልሱ» የተባላችሁት ትክክል ነው፤ ግን ሁሉንም አይደለም። ከሒሳብ አስርዮሽ፣ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ የመለኪያ ልወጣ፣ ስፋት ማስላት፣ ቀመር ማገላበጥና የፓይታጎራስን ሕግ ያዢ። ከፊዚክስ ቮልቴጅ፣ ከረንት፣ ሬዚስታንስ፣ ኃይል፣ እንዲሁም የተከታታይና የጎንዮሽ ሰርኪት ልዩነት ይበቃሽ ይሆናል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጻሕፍትሽን አትጣይ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገርሽ። «ባለ 2.5» ሲባል የሽቦው ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር ነው ማለት አይደለም። የተቆረጠው መዳብ ፊት ስፋት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ባለ አንድ ዘንግ ከሆነ ውፍረቱ 1.78 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1.78ን በራሱ አባዢ፣ ውጤቱን በ0.785 አባዢ፤ ወደ 2.5 ይመጣልሻል። የክብ ስፋት ለምን እንደተማርሽ ያኔ ይገባሻል።

የሥልጠና ጽሑፎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ገበያውና ዎርክሾፑ ደግሞ ከጣሊያን ዘመን በቀሩ ስሞች ይጠራል። ሰዉ ካቻቢቴ የሚለውን ጽሑፉ ስክሩድራይቨር፣ ፒንሳ የሚለውን ፕላየር ይለዋል። በደብተርሽ መጨረሻ ሦስት ዓምድ አዘጋጅተሽ የዕቃውን ሥዕል፣ የሱቁን ስምና የጽሑፉን ስም ጎን ለጎን አስፍሪ። መብራት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ጎራ ብለሽ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ብትጠይቂ የሚያሳዩሽ አታጪም።

እጅን ማፍታታት

አጎትሽ እጅሽ ሥራ እንዲለምድ መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ከሱቅ ጥቂት ሜትር ባለ 2.5 ሽቦ ይግዙልሽ፤ ከምንም ነገር ጋር የማይገናኝ፣ በጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚቆይ። ከጫፉ 10 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ግፈፊና መዳቡን በብርሃን አዪው። ቢላው ወይም ፒንሳው ጭረት ከተወበት ጫፉን ቆርጠሽ እንደገና ጀምሪ፤ የተጫረ መዳብ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ኮረንቲ ሲያልፍበትም እዚያው ላይ ይግላል። ቀጥሎ ጫፉን በፒንሳ አዙረሽ ቀለበት አብጂ። ቀለበቱ በብሎን ሥር ሲገባ አቅጣጫው ብሎኑ ከሚጠብቅበት ጋር አንድ ይሁን፣ ማለትም እንደ ሰዓት አቆጣጠር ዙር። ያኔ ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለበቱን እየዘጋ ይሄዳል፤ በተቃራኒው ከሆነ እየከፈተ ያስወጣዋል። አሥር ቀለበት ሠርተሽ አሥሩም አንድ ዓይነት እስኪሆኑ ድረስ ደጋግሚው።

ስለ ግዢና ልብስ

ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን አሁን አትግዙ። ዎርክሾፑ መሣሪያ ይኖረዋል፤ የትኛው ጥራት እንደሚያዋጣም ከሠራሽበት በኋላ ነው የምታውቂው። ለጊዜው ሜትር፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ደብተርና አንድ ጥሩ ፒንሳ ይበቃሉ። ባለ መብራት ካቻቢቴውን፣ በተለምዶ ቴስተር የሚባለውን፣ ርካሽ ነው ብለሽ አትመኪበት። አምፖሉ አልበራም ማለት መስመሩ ኃይል የለውም ማለት አይደለም። ኃይል መኖሩን በመልቲሜትር መለካት ኮሌጅ ውስጥ ትማሪያለሽ።

ገንዘቡ ካለ በልክሽ የተሰፋ ቱታና ባለ ጎማ ሶል ሽፍን ጫማ ይቅደሙ። የሰፋ ቱታ በመሰላል ላይ ይጠልፋል። ጸጉርሽን የምታስሪበት፣ ቀለበት፣ አምባርና ሐብል የምታወልቂበት ልማድ ከአሁኑ ይያዝሽ፤ ወርቅም ብርም ኮረንቲ ያስተላልፋሉ።

ዓይንሽንም ተመርመሪ። ሽቦ በቀለም ይለያል፤ የመሬት መስመር አረንጓዴና ቢጫ ዝንጉርጉር ነው። ቀለም የመለየት ችግር ያለበት ሰው ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ቢያውቀው ይሻላል። ለወደፊቱ ደግሞ ይህን ያዢ፤ በየቤቱ ያለው ዝርጋታ የቀለም ሥርዓት ላይጠብቅ ይችላል። ቀለም አይቶ ማመን የለም፤ ለክቶ ነው።

ከኤሌክትሪሺያኑ ጋር ስለ መዋል

ሂጂ፤ ግን በስምምነት። አጎትሽ አስቀድመው «ለማየትና ዕቃ ለማቀበል ነው፤ ኃይል ያለበት ነገር አትነካም» ብለው ይንገሩልሽ። ባለሙያው የሠለጠነ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኃይል የሚዘጋና መዘጋቱን የሚለካ ሰው ከሆነ ብዙ ትማሪያለሽ። «ይሄ ምንም አይልም» እያለ በባዶ እጁ የሚነካካ ከሆነ ግን በማግሥቱ አትሂጂ። መጥፎ ልማድ ከሥልጠና በፊት ከገባ ለማውጣት ያስቸግራል።

ሌላም ፈተና ይመጣብሻል። ጎረቤት ሁሉ «አንቺ የመብራት ተማሪ አይደለሽም እንዴ? እስቲ ይቺን ሶኬት እዪልን» ይልሻል። በትሕትና እምቢ በይ። ተመዝግበሻል እንጂ ገና አልሠለጠንሽም።

ሴት ስለ መሆንሽ

መሰላል የሚሸከመው ሚዛኑን የጠበቀን ሰው ነው፤ ሽቦም የያዘውን እጅ አይለይም። ዝርጋታ ከጉልበት ይልቅ ትክክለኛነትና ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚያስቸግርሽ ነገር የለም ብዬ ግን አልዋሽሽም። በቡድን ሥራ ላይ ወንዶቹ ግድግዳውን እየቆረጡ አንቺን መዝጋቢ ሊያደርጉሽ ይችላሉ። መዝገቡን ያዢ፤ ግን «ቀጣዩን እኔ ነኝ የምሠራው» በይና መሮውን ተቀበዪ። በምዘና ላይ ለብቻሽ ነው የምትቆሚው፤ ያልሠራ እጅ ያኔ ይታወቃል።

ስለ ሥልጠናው አካሄድ

ወረቀትሽን አሁኑኑ አሰናጂ፤ ትራንስክሪፕት፣ የፈተና ውጤት፣ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና ሌላም ኮሌጁ የሚጠይቀው ካለ ጠይቀሽ ኮፒውን ለይተሽ አስቀምጪ። ወደ ኮሌጁ ስትመላለሺ የሙያውን ደረጃ የሚዘረዝረውን ሰነድ አሳዩኝ ብለሽ ለምኚ። እያንዳንዱ ብቃት በምን እንደሚመዘን እዚያ ተጽፏል።

ሥልጠናው በኮሌጁ ግቢ ብቻ አያልቅም። በትብብር ሥልጠና ድርጅት ውስጥ ገብተሽ ትሠሪያለሽ፤ በአገራችን አሠራር ተደጋግሞ የሚነገረው መርህ 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሆን ነው። በተግባር ግን ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በከተማችሁ ያሉ የዝርጋታ ማኅበራትን፣ ተቋራጮችንና ፋብሪካዎችን ስም ከአሁኑ መዝግቢ፤ ጊዜው ሲደርስ ደጅ ለመጥናት ትቀድሚያለሽ። በመጨረሻም የብቃት ምዘና አለ፤ ሁሉም ሲኦሲ የሚለው። የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው። ተግባሩ ላይ መዛኙ ፊት ለፊትሽ ቆሞ የምታደርጊውን ያያል፤ አምፖሉ በርቶም ሥራው በንጽሕናና በደህንነት ካልተሠራ ብቁ አትባዪም።

ጊዜሽን እንዲህ ከፋፍዪው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለዕቃ መዝገብና ለቆጣሪ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ለንድፍ፣ ሌሎቹ ሁለት ለሽቦና ለመሣሪያ ስሞች፣ የመጨረሻዎቹ ከባለሙያ ጋር ለመዋል። ሒሳቡን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያዢው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። የአናጢ ሥራ ይታያል፤ የልብስ ሰፊም ይታያል። የእኛ ሥራ ግን በግድግዳ ልስን ሥር ይቀበራል። ቤቱ ውስጥ የሚተኙት ሰዎች ሥራሽን ሳያዩ ሕይወታቸውን ይሰጡሻል። ማንም በማያየው ቦታ በትክክል መሥራት ደግሞ በዎርክሾፕ ብቻ አይጀመርም፤ ማንም ባላዘዘሽ መዝገብ ላይ ያገኘሽውን ቁጥር ሳታሳምሪ በመጻፍም ይጀመራል።

ሥልጠናው ሲጀመር ደብተርሽን ለአሠልጣኝሽ አሳዪና የተሳሳትሽውን እንዲያርሙልሽ ጠይቂ። ብዙ እርማት ይኖረዋል፤ ይኑረው። በመጀመሪያው ሳምንት የታረመ ስሕተት በሰው ቤት ግድግዳ ውስጥ አይቀበርም። መልካም ሥልጠና ይሁንልሽ።